ሎረንስቪል ላይ የተሳለምነው ምሽግ

አማቴ አትላንታ ሲገቡ ይዘው የመጡት ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ሻንጣና አንድ ጥላ። ሻንጣው መንገድ ላይ ጠፍቶ ከስንት ስልክ በኋላ ተገኘ። ጥላው ግን ለአፍታም ከእጃቸው አልወጣም። ደግሞ ተራ የዝናብ ጥላ እንዳይመስላችሁ። ታቦት ሲወጣ ካህናቱ ከላይ የሚዘረጉት ዓይነት ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ ጫፉ ላይ የነሐስ መስቀል ያለው፣ ሲዘረጋ ሁለት ሦስት ሰው አስጠልሎ የሚተርፍ። አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጇ «ከላይ ላስቀምጥልዎት» ብላ ብትለምን ብትሠራ፣ እንዴት ተደርጎ። ከአዲስ አበባ አትላንታ ድረስ በጉልበታቸው መሃል አቁመውት መጡ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ «ይከፈት» ሲላቸው ደግሞ ሳያመነቱ አዳራሹ መሃል ዘረጉለት። የተሰለፈው ሕዝብ አጨበጨበ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

እኔና ባሌ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነን እናያለን። ስንት ዓመት ያላያትን እናቱን ሲያይ ማልቀሱ አይቀርም ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጥላውን ሲያይ ፊቱ ጥቁር አለ። «ይዛው መጣች» አለ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ገና ጎረምሳ ሳለ በእግሩ ወደ ሱዳን ሲወጣ ከዓመት በላይ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ አማቴ ገብርኤል ደጅ ቆመው ተሳሉ። «ልጄን በዓይኔ ካሳየኸኝ፣ ከጎኔ አቁሜው፣ ጥላ በእጄ አስገባልሃለሁ» አሉ። ጣጣ ያመጣችብን ይቺ «ከጎኔ አቁሜው» የምትለዋ ናት። ቃላቸውን ትንሽ ላላ አድርገው ቢሳሉ ኖሮ እዚያው ሰፈራቸው አስገብተው ይገላገሉ ነበር። ልጁ ግን በዚያ ዘመን አገር ቤት መግባት አይችልም፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ልጁ ወደ ጥላው መሄድ ካልቻለ ጥላው ወደ ልጁ ይምጣ ብለው፣ ቪዛው ሲገኝ ተሸክመውት መጡ። ለመስቀል ሊመለሱ ቲኬት ተቆርጧል። ከዚያ በፊት ስለቱ መግባት አለበት።

እኛ ያን ጊዜ አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበርን። መኝታ ቤቱን ለእሳቸው ለቀን እኛ ሳሎን እንተኛለን። ጥላው በነጠላ ተጠቅልሎ ከሶፋው ኋላ ቆመ። እኔ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ቢሮ አጽድቼ ገብቼ የገዛ ቤቴን ቫኪዩም ሳደርግ እሳቸው ከኋላዬ ይከተላሉ። «ቀስ፣ ቀስ በይ፣ እንዳትነኪው» ይሉኛል። ሰው እንዴት በጥላ ይቀናል? እኔ ግን ቀናሁ። በቤቱ ውስጥ እንደሱ የተከበረ አልነበረም።

በዚያ ላይ ፍርሃታቸው። ያልገባ ስለት ልጃቸውን ያስጠይቀዋል ብለው ስለሚያምኑ፣ ባሌ ባነጠሰ ቁጥር ጥላውን ያዩታል። መኪናው አልነሳ ሲል ጥላውን ያዩታል። አለቃው ስልክ ደውሎ ከጮኸበትም እንደዚያው። አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የቆረጠች እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ልጃቸውን «አንተ ደህና ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«እማማ፣ የደማሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አይቻለሁ። አንቺ ምላስሽ ይጠብቅሻል» አሉኝ።

እንዲህ ነበር የምንዋደደው።

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ያኔ አልነበረንም። ከስንት ጊዜ አንዴ ከሌላ ከተማ አንድ ካህን ሲመጡ ከአሜሪካኖች አዳራሽ እንከራይና እዚያ እንጸልያለን። አማቴን ወሰድኳቸው። ጥላቸውን እንደ ጠመንጃ በትከሻቸው አንግበው ገቡ፤ ቀና ሲሉ ከመጋረጃችን በላይ የኳስ መረብ ተንጠልጥሏል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበር አዳራሹ። ቆመው አስቀደሱ። ሲያልቅ ካህኑን ጠየቁ።

«አባቴ፣ ይህን ጥላ ባስገባ የት ያኖሩታል?»

«እንግዲህ ቦታ እስክናገኝ ድረስ የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አኖረዋለሁ።»

«ከጎማው ጋር?»

ካህኑ ሳቁ። አማቴ አልሳቁም። መስቀል ተሳልመው ጥላቸውን እንዳነገቡ ወጡ። «ታቦት የሌለበት ጥላ ማንን ያስጠልላል?» አሉኝ መኪና ውስጥ። 

እውነቱን ለመናገር ግን መረቡ ብቻ አልነበረም ያስቸገረን። ባሌ ራሱ ይሸሽ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ያወርደንና «ጋዝ ሞልቼ ልምጣ» ይላል። በሌላ ጊዜ ኦይል መቀየር ትዝ ይለዋል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሰው የሥራ ሽፍቴን ሸፍንልኝ ብሎት እሺ ብሎ ተገኝቷል፤ ያውም እሑድ። ባሌ ተጫዋች ነው፣ ሁሉን ነገር በቀልድ ያልፈዋል፣ እናቱንም እያሳቀ ያዘናጋቸዋል። እኔ ግን ሚስቱ ነኝ። ቀልዱ የት ላይ እንደሚበዛ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ወጥ ቤት ጥግ አስያዝኩት። እናቱ ሻወር ውስጥ ናቸው።

«ምንድን ነው ጉዱ?» አልኩት። «እናትህ ላንተ ብለው የተሳሉት ነው። አጠገባቸው አምስት ደቂቃ መቆም ምን ያንቀባርርሃል?»

መጀመሪያ ሊቀልድ ሞከረ። ዓይኔን አይቶ ተወው።

«ያን ጊዜ ብቻዬን አልወጣሁም» አለኝ። «የጎረቤታችን ልጅ አብሮኝ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። እናቶቻችን በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ቆመው ነው የተሳሉት። የእኔዋ ጥላ፣ የእሱ እናት መጋረጃ።»  ከዚያ «የእኔ እናት ይኸው ጥላዋን ይዛ መጣች። የእሱ እናት መጋረጃውን ምን ታድርገው?» አለ።

«እናትህ እንደነገሩኝ፣ መንገድ ላይ ተለያየን ብለህ ነው የላክህላቸው» አልኩት።

«አዎ። እንደዚያ ብዬ ነው የላክሁት።» የቧንቧውን ውሃ ከፍቶ መልሶ ዘጋው። «አልተለያየንም።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።  አማቴ በመጡ ማግስት ያሉትን አስታወስኩ። «ጎረቤቴ የት ጋ እንደተለየው ብቻ ይንገረኝ ብላለች» ብለውት ነበር። እሱም ስለ አትላንታ ሙቀት ማውራት ጀመረ። ያን ጊዜ ሙቀቱ እውነት አስጨንቆት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ሁኔታችን ይህ ነው። እናት ልጃቸውን ከጎናቸው ማቆም አለባቸው፤ ልጅ ከዚያ ጥላ ሥር መቆም አይችልም፤ ቲኬቱ ደግሞ እየደረሰ ነው። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረብኝ።

ሐምሌ እንደገባ ባሌ አንድ ቀን ኦፍ ነበር። ከአትላንታ ወጣ ብላ ያለችው ሎረንስቪል ሄደን ቤት እንይ አለ። ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድሚያ ክፍያው፣ ሳንቲም ሳይኖረው ቤት ማየት ይወዳል፤ ሌላው ሲኒማ እንደሚሄደው እሱ ቤት ያያል። እናቱን ከኋላ አስቀምጠን፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነዳን። ያን ጊዜ ወደዚያ ገና ገጠር ነበር፤ ሱቆቹ ያልቁና ግጦሽ ነው፣ ላም ነው፣ ቀይ አፈር ነው። ከተማውን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከኋላ ድምፅ መጣ።

«አቁም።»

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«አቁም አልኩህ። ደጁን ሳልሳለም ልታልፈኝ ነው?»

ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። አማቴ አማትበው ከመንገዱ ዳር ወዳለ አንድ ኮረብታ ይጠቁማሉ። እውነትም ዓይን የሚይዝ ነገር ነው። ዙሪያው በሙሉ የታጨደ ሣር፣ አንድ ዛፍ የለም። አናቱ ላይ ብቻ ክብ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ደን፣ ግንዳቸው ዋርካ ዋርካ የሚያክል።

«ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ አማቴ።

«እማዬ፣ ዛፍ ነው።»

«ዛፉንማ አየሁት። እርሻ መሃል፣ በክብ፣ ይህን የሚያህል ዛፍ ሳይቆርጥ የሚተው ማን ነው? ለማን ብሎ ነው የሚተወው?»

እስቲ እናንተ መልሱላቸው። አገራችን ውስጥ ዛፉ ሁሉ ተመንጥሮ አንድ ጥግ ብቻ በክብ ከተረፈ፣ ውስጡ ማን እንዳለ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔ ራሴ ልቤ ከፈል አለ። አሜሪካ ውስጥ ምን የሌለ ነገር አለ? አንድ የጥንት የክርስቲያን ወገን መጥቶ ተክሎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ወረዱ፤ ጫማቸውን አወለቁ። የግጦሹ በር፣ ያ ከብት እንዳይወጣ የሚዘጉት ረጅም የብረት በር ነው፤ ግራ ቀኙን ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት።

«እማዬ፣ የላም በር እኮ ነው» አለ ባሌ።

«ላምም የእግዜር ናት» አሉና ሾልከው ገቡ።

ደኑ ውስጥ ከውጭው ሙቀት የተለየ ሌላ አየር ነበር። ዙሪያውን የሚዞር አንድ ጎድጎድ ያለ ቦይ አለ፣ ቅጠል የሞላው። ከቦዩ ወዲህ አፈሩ እንደ መደብ ከፍ ብሏል፤ ትልልቆቹ ዛፎች የበቀሉት እዚያ መደብ ላይ ነው። መሃሉ ፀሐይ የሚገባው ገላጣ ነው፤ እዚያ ጥቁር ድንጋይ ተቆልሏል። ቁልቁል ደግሞ አንዲት ምንጭ ትንፎለፎላለች። አማቴ አንድ በአንድ አስጎበኙን። ቦዩ ቅጽሩ ነው። ድንጋዩ የፈረሰው መቅደስ ነው። ምንጩ ደግሞ ምኑ ይጠየቃል፣ ጸበል ነው። ፊታቸውንም ጉልበታቸውንም ታጠቡ። «ይኸው፣ ቀለለኝ» አሉ። እኔም ጠጣሁ። ሚስማር ሚስማር ይላል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው።

ባሌ ሊያላግጥ ነው ብዬ ስጠብቅ ዛፉን ተደግፎ ቆሟል። ድምፅ የለም፣ ሰው የለም፣ ሲጢጥ የሚል ነፍሳት ብቻ።  ከዚያ «እዚህ ከሆነ እቆማለሁ» አለ።

አማቴ እልል አሉ። እኔ ደግሞ ከደስታዬ ብዛት ቦታው ምን እንደነበረ ማጣራት በጭራሽ ትዝ አላለኝም። ደግሞስ ማንን ልጠይቅ፣ ላሞቹን?

የሐምሌ ገብርኤል ያን ዓመት ቅዳሜ ዋለ። ገብርኤል ቂርቆስን ከእናቱ ጋር ከሚፈላው ጋን ያወጣበት ቀን ስለሆነ፣ ለእናትና ልጅ ስለት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ባሌ ሰው ይብዛ አላለም፤ እኔ ግን አንድ ሰው መጨመሬ አልቀረም። አገር ቤት ዲያቆን የነበረ፣ አትላንታ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛችን ነው። ያለ እሱ ማን ይዘምራል? ሁላችን ነጭ ለብሰን፣ ዳቦ ደፍተን፣ በጠዋት ሄድን። ጠዋት ብልም የአትላንታ ሐምሌ ጠዋት የለውም፤ ጀንበር ስትወጣ ጀምሮ አየሩ እንደ ክዳኑ የተነሣ ድስት ነው።

ቦታው ቅዱስ ነውና ደኑ አፋፍ ላይ ጫማ ወለቀ። አማቴ ጥላውን ዘረጉ። ቀይ ከፋዩ ከአረንጓዴው መሃል ሲታይ፣ እኔ ስቀናበት የከረምኩት ሴትዮ እንኳ ደነገጥኩ፤ ያምራል። ዲያቆኑ ጀመረ፣ እኛ ተቀበልን፣ ድንጋዩን መዞር ያዝን። ባሌ ከእናቱ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይከተላል። ከጥላው ውጭ። አየሁት።

ሁለተኛው ዙር ላይ የዲያቆኑ ድምፅ በድንገት ሽቅብ ወጣ። መንፈስ መስሎኝ እልል አልኩለት። ጉንዳን ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ቀያይ ጉንዳኖች አሉ፤ ቤታቸውን ከረገጥክባቸው ቆመው አይጠይቁህም። ዲያቆኑ መዝሙሩን ሳያቋርጥ አንድ እግሩን በሌላው እያሸ መዝለል ጀመረ፤ ቀጥሎ እኔ፤ ቀጥሎ ባሌ። አማቴ ብቻ ናቸው ያልዘለሉት። ነክሷቸው ነው አልነከሳቸውም አላውቅም፣ ስለት በእጃቸው ይዘው የሚዘሉ ሴት አይደሉም።

በዚህ መሃል አንድ ፒክአፕ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ።

እስቲ አስቡት። አራት ሰዎች፣ ነጭ በነጭ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ቀይ ጥላ ዘርግተው፣ በማያውቁት ቋንቋ እየጮሁ በሰው መሬት ላይ ይዘላሉ። አለቀልን፣ ፖሊስ ሊጠራ ነው አልኩ። ከመኪናው አንድ ረጅም ሽማግሌ ፈረንጅ ወረደ፤ የሰሌን ባርኔጣ አድርጓል፣ ኋላ የሣር ማጨጃ ማሽን ጭኗል። እየተራመደ መጣና አጠገባችን ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ በራ።

«ምሽጉን ልትጎበኙ ነው የመጣችሁት?» አለ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሣሩን ሳጭድ አንድ ጎብኚ አላየሁም።»

 ባሌን አየሁት። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፤ ሰምቷል፤ ግን ጎንበስ ብሎ የተነከሰ እግሩን ያካል።

«ምን አለሽ?» አሉ አማቴ። «ገበዙ ናቸው?»

ውሸት እችላለሁ፣ ምን ቸግሮኝ። ግን ስለት ላይ አይዋሽም፤ አማቴን ሳይሆን ገብርኤልን ፈራሁት። «እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ነው የሚሉት» አልኳቸው። «የጥንት የወታደር ምሽግ ነው።»

ዲያቆኑ መዝሙሩን አቆመ። አማቴ ጥላውን አላጠፉትም። ሽማግሌው ግን ደስታ ላይ ነው፤ እጁን እያወናጨፈ ማስረዳት ጀመረ፣ እኔም እየተከተልኩ መተርጎም። ይህ ኮረብታ ያን ጊዜ የአገሩ ጠረፍ ነበር። ከወንዙ ወዲያ ያለው መሬት የቀያዮቹ ሕንዶች ነው፣ ወዲህ ያለው የነጮቹ። ቦዩ ውስጥ ግንድ ጎን ለጎን አቁመው አጥር ሠሩ። ድንጋዩ የምድጃው ነው። ዛፉም ማንም ለማንም ብሎ አልተወውም፤ ድንጋይና ጉድጓድ ስለሆነ ማረሻ እንቢ አለ፣ ገበሬው ዞሮት ሄደ፣ ዛፉ በራሱ በቀለ። ወሬ በተነሣ ጊዜ የአካባቢው ቤተሰብ ሁሉ፣ እናት ከነልጇ፣ ላም ከነጥጃዋ፣ እዚህ ውስጥ ይገባና በሩ ይዘጋል።

«ማንን ፈርተው?» አሉ አማቴ።

ጠየቅሁት። «ባለ መሬቶቹን» አልኳቸው።

«መጡባቸው?»

«ኧረ አልመጡም። አንድ ቀስት አልተወረወረም ይላሉ። ፈርተው ይገባሉ፣ ምንም ሳይሆን ይወጣሉ።»

«ባለ መሬቶቹስ አሁን የት ናቸው?»

ይህን ስጠይቀው የሽማግሌው እጅ መወናጨፉን ተወ። ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። በኋላ መንግሥት አስወጣቸው አለ። ወደ ምዕራብ፣ ሩቅ አገር፣ በእግራቸው። ሽማግሌው፣ እናቱ፣ ሕፃኑ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። የምሽጉ ስም፣ የወታደሩ ስም ተጽፏል፤ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው የት እንደወደቁ፣ ማን እንደቀበራቸው የጻፈ የለም።

ተረጎምኩ። «በእግራቸው» ስል ዓይኔ ወደ ባሌ ሄደ።

ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እትዬ፣ ምሽግ ከሆነ አይሆንም። ስለት የወታደር ሰፈር አይገባም» አለ በትሕትና። ትክክል ነው። የእኛ ሥርዓት እንደዚያ ነው።  አማቴ ጥላውን ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ተሸክመውት መጥተው፣ የሚያስገቡበት ደጅ እንደገና ሲጠፋ አየሁ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በራሴም፣ በዛፎቹም፣ በፈረንጁም።

«እኔ ቀብሬዋለሁ» አለ ባሌ።

መጀመሪያ ማንን እንደሚናገር አልገባኝም። ወደ መሬት እያየ ነው።

«ማንን?» አሉ እናቱ። ያወቁ ይመስለኛል። ግን ጠየቁ።

«የጎረቤታችንን ልጅ። አልተለያየንም፣ እማዬ። ወባ ያዘው። ድንበሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው። እኔ ነኝ የተሸከምኩት፣ እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

«በእጅህ?»

«በእጄ። መቆፈሪያ አልነበረም። ግራር ሥር ነው። ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ዛሬም ብሄድ አገኘዋለሁ።»

«አፈር አለበስከው?»

«አልብሼዋለሁ።»

«ራሱን በየት በኩል አደረግህ?»

«ወደ ምሥራቅ። አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱን አልኩለት።»

አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። እኔ ደግሞ መሐረቡን ያን ቀን አልያዝኩም፤ በነጠላዬ ነው የተጠረግሁት። ፈረንጁ አንድም ቃል አልገባውም፤ ግን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉንዳኑም መናከሱን የተወ መሰለኝ፣ ወይ እኛ ረስተነዋል።

«እናቱ ሰው አጠገቡ ነበረ ወይ ብላ ነው የምትጠይቀኝ» አሉ አማቴ። «በየቀኑ ነው የምትጠይቀኝ።  ነበርክ። አገሬ ስገባ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እነግራታለሁ።»

«ምን ትለኛለች?»

«እሷ ምን እንደምትል እኔና አንተ አናውቅም። አሁን ና።»

«እማዬ…»

«ና አልኩህ፣ ቁም። ቃሌ ነው።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ትልቅ ሰው ነው፣ ባለትዳር፣ ቤት ሊገዛ የሚዞር። እንደ ልጅ ነው የነቀነቀው። «ብቻዬን ከዚያ ጥላ ሥር አልቆምም» አለ። «አልችልም።»

«ብቻህን ቁም ያለህ ማን ነው?» አሉ አማቴ።

ያዙትና ከቀኛቸው አቆሙት። ከዚያ ጥላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከእሱ አሻግረው፣ ከወዲያኛው ጎኑ ማንም ያልቆመበት ቦታ ላይ አዘነበሉት። ከባድ ነው፣ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። ጥላው እዚያ ባዶ ሣር ላይ ሰፊ ሆኖ አረፈ። የባሌ ግማሽ ፊት ፀሐይ ላይ ቀረ፤ እሳቸውም ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ላይ ናቸው። «ጠጋ በል፣ ቦታ ስጠው» አሉት።

ባሌ ጠጋ አለ። አንድ ሰው የሚያስቆም ያህል።

ዲያቆኑ ዓይኑን ጠርጎ ቀስ ብሎ ተጠጋቸው። «እትዬ፣ ስለቱን እንግዲህ የት እናስገባው?» አለ።

አማቴ ዞር ብለውም አላዩትም። «ገባ እኮ» አሉ።